ኪኒን ሲፈለግ የተገኘው ቀለም

ለመሆኑ የብዕር ቀለም ሰማያዊና ጥቁር ብቻ ነው ብሎ የደነገገው ማን ነው? አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ «የብዕር ቀለም ስጠኝ» ቢል ባለ ሱቁ «ሰማያዊ ወይስ ጥቁር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቀዩ የመምህር ነው፤ በፈተና ወረቀታችን ላይ ስንቱን ነገር ስላየንበት ወደን የምንጽፍበት ጥቂቶች ነን። አረንጓዴው የአለቃ ነው ይባላል። ወይን ጠጁን ግን አስቦ የሚጠይቅ የለም። ሌላው ሲጠፋ፣ ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ ለብሶ የቆየ አንድ ብልቃጥ ሲገኝ፣ «እንግዲህ ምን ይደረግ» ተብሎ ይገዛል። የሚገርመው የሚከተለው ነው። ብልቃጡ ባለቀ ጊዜ ያው ሰው ሰማያዊው ሞልቶ ሳለ ወይን ጠጁን ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ይታያል።

ይህ ቀለም ሳይታሰብ የሚወደድ ብቻ አይደለም፤ የተገኘውም ሳይታሰብ ነው። ታሪኩን ለመረዳት ግን ከእርሱ በፊት በምን ይጻፍ እንደ ነበረ ማየት ያስፈልጋል።

በቋንቋችን ቀለም የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል። መልክም ቀለም ነው፤ የሚጻፍበትም ቀለም ነው፤ ትምህርትም ቀለም ነው። ልጁ ትምህርት ሲገባው «ቀለም ይዘልቀዋል» እንላለን፤ ሊቁንም «የቀለም ቀንድ» ስንል ጸሐፊው ከጎኑ መሬት ላይ ሰክቶ ብዕሩን የሚያጠቅስበትን ቀንድ ያስታውሰናል። የብራና ጸሐፊዎቻችን በዋናነት ሁለት ቀለም ነበራቸው። ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ከተቆላና ካረረ እህል፣ ከቅጠላ ቅጠልም ተዘጋጅቶ ለወራት እንዲብላላ ይተው ነበር። ቀዩ ለቅዱሳን ስም፣ ለመጽሐፉ መግቢያ መሥመሮችና ለነጥቦቹ ጌጥ ይውል ነበር። የጥቁሩ ኃይል ከጥላሸቱ ነው። ጥላሸት ካርቦን ስለ ሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ ከ500 ዓመት በፊት የተጻፈ ብራና ዛሬም ጥቁር የሆነው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ጥላሸት በውኃ አይሟሟም፤ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ ይንሳፈፋል እንጂ። ለመቃ ብዕር ይህ ችግር አይደለም። ቀለም በሆዱ ይዞ እንደ ፀጉር በቀጠነ ቦይ ወደ ጫፉ በሚያወርደው በፋብሪካው ብዕር ውስጥ ቢጨመር ግን ይደርቅና ጉሮሮውን ይዘጋዋል። የአባቶቻችን ቀለምና የፓርከር ብዕር ያልተስማሙት በዚህ ነው።

በአውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት የተጻፈው በሌላ ቀለም ነው። በባሉጥ ዛፍ ላይ ነፍሳት እንቁላል ሲጥሉ የሚያብጠውን እባጭ ቀቅለው፣ ጭማቂውን ከብረት ጨው ጋር ያዋሕዱት ነበር። ይህ የብረት ቀለም ሲጻፍ ገርጣ ብሎ ይወጣል፤ አየር ሲያገኘው ነው የሚጠቁረው። ጸሐፊው የሚጽፈውን ለማየት ስለሚቸገር ከቀለሙ ጋር ሰማያዊ ነገር መጨመር ተለመደ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ስቲፈንስ በ1830ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አድርጌአለሁ) ለገበያ ያቀረበው ዝነኛ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ተጽፎ ውሎ አድሮ የሚጠቁር ነበር። ይህ ስቲፈንስ የሕክምና ተማሪ ሳለ ከባለቅኔው ከጆን ኪትስ ጋር በአንድ ቤት ተከራይቶ ይኖር እንደ ነበር ቅኔ ለሚወዱ አንባብያን ልንገር። እንግዲህ ዛሬ የመሥሪያ ቤት ክብር የምንሰጠው ሰማያዊ በመጀመሪያው ጊዜ ጥቁሩ እስኪደርስ ቦታ የሚጠብቅ ዘበኛ ነበር ማለት ይቻላል።

የብረት ቀለም አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው። አሲድ ስላለው የብዕሩን የብረት ጫፍ ይበላል፤ ሲከፋም ወረቀቱን ይበላል። ሉዊስ ዋተርማን በ1884 ኒውዮርክ ውስጥ የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዓይነት ብዕር የወርቅ ጫፍ ይደረግለት የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ወርቅን አሲዱ ስለማይነካው ነው። ወርቅ የሌለው ተማሪ ግን የዛገ ጫፍ እየጣለ አዲስ ይገዛ ነበር።

ወይን ጠጁ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ የመጣውም ከወባ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚበቅለው የሲንኮና ዛፍ ልጣጭ ለወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ይሰጣል። ይህ ስም እኛ ዘንድ ደርሶ እንዴት እንደ ሰፋ ልብ በሉ፤ ለራስ ምታትም ለሆድ ቁርጠትም የሚዋጠው ሁሉ ዛሬ ኪኒን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የእንግሊዝ መንግሥት በወባ አገሮች ብዙ ወታደርና ሹም ስለ ነበረው የልጣጩ ዋጋ ያስጨንቀው ነበር። በለንደን የሮያል ኬሚስትሪ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ሆፍማን ኪኒንን ከድንጋይ ከሰል ዝፍት ከሚወጡ ነገሮች መሥራት ሳይቻል አይቀርም የሚል ሐሳብ ነበረው። ዝፍቱ የመንገድ መብራት ጋዝ ሲመረት የሚተርፍ፣ የሚጣልበት የጠፋ ቆሻሻ ነበር።

የሆፍማን ተማሪ ዊልያም ፐርኪን በ1856 ገና የ18 ዓመት ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ለፋሲካ ሲዘጋ በምሥራቅ ለንደን በወላጆቹ ቤት ባዘጋጃት ትንሽ ክፍል ሙከራውን ጀመረ። ከዝፍት የሚወጣውን አኒሊን ከፖታሲየም ዳይክሮሜት ጋር ቢያዋሕድ ያገኘው ጥቁር አተላ ሆነ። ኪኒን ነጭ ነው፤ ይህ ጥቁር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደፍቶት ዕቃውን ያጥብ ነበር። ፐርኪንም ሊያጥብ ብሎ አልኮል ሲጨምርበት ያማረ ወይን ጠጅ ወጣ። ሐር ነክሮ አየው፤ ያዘ። አጠበው፤ አልለቀቀም። በዚያው ዓመት በነሐሴ የባለቤትነት መብቱን አገኘ፤ ትምህርቱንም ትቶ ከአባቱና ከወንድሙ ጋር ከለንደን በስተምዕራብ በግሪንፎርድ ፋብሪካ አቆመ። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ በልጇ ሠርግ ላይ ይህንኑ የቀለም ዓይነት ለብሳ ታየች፤ ከተማውም ተከተላት።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው የፐርኪን አኒሊን ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ቶሉዊዲን የተባለ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት ነበር፤ ያ ባይኖር ኖሮ ወይን ጠጁ አይወጣም ነበር። በጥንት ዘመን ግን ይህ መልክ የነገሥታት ምልክት ነበር፤ ዝነኛው የሚወጣውም ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ፍሪድሌንደር የተባለ ኬሚስት በ1909 12,000 ቀንድ አውጣ አሰብስቦ ያገኘው 1.4 ግራም ብቻ ነበር። ፐርኪን የፈለገው ኪኒንስ? ዉድዋርድና ዶሪንግ የተባሉ አሜሪካውያን በ1944 መንገዱን እስኪከፍቱ ድረስ በቤተ ሙከራ የሚሆን ነገር አልሆነም።

ከፐርኪን በኋላ የየአገሩ ኬሚስት ወደ ዝፍቱ ተሻማ። በ1861 ሻርል ሎት የተባለ ፈረንሳዊ ሜቲል ቫዮሌት የሚባለውን ርካሽና ጠንካራ ወይን ጠጅ አወጣ፤ ወደ ብልቃጣችን የደረሰው ይህኛው ነው። በውኃ በጥብጦ መጠቀም ይቻላል፤ ደለል የለውም፤ የብረቱን ጫፍ እንደ ድሮው አይበላም። ጥቂቱ ብዙ ይሆናል። ስለዚህ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ተቀበሉት፤ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ስንት ትውልድ የፈረንሳይ ልጅ ከዴስኩ ላይ ከተቀበረች የሸክላ ዋንጫ እየጠቀሰ በወይን ጠጅ ፊደል ቆጠረ። እስክሪብቶ በይፋ የተፈቀደላቸው በ1965 ነው። የሶቪየት ልጆችም እንዲሁ በወይን ጠጅ ነው የተማሩት። ለእነዚህ ሁሉ ወይን ጠጅ እንግዳ መልክ ሳይሆን የግድ የቤት ሥራ መልክ ነበር። ድሀ መንግሥት ርካሽ ሲፈልግ ያገኘውን ሌላው ኋላ በውድ መግዛቱ የተለመደ የገበያ ነገር ነው።

ደራስያንም ተጠምደውበታል። ሉዊስ ካሮል በኦክስፎርድ ሒሳብ አስተማሪ ሳለ ከ1870 ጀምሮ ለ20 ዓመት ያህል በወይን ጠጅ ቀለም ይጽፍ ስለ ነበር፣ ቀን ያልተጻፈባቸውን ደብዳቤዎቹን ዘመን ተመራማሪዎች የሚለዩበት አንዱ ምልክት ይኸው ነው። ቨርጂንያ ዉልፍም ትወደው ነበር። ፓብሎ ኔሩዳ ግን አረንጓዴን መረጠ፤ የተስፋ መልክ ነው እያለ። አረንጓዴን የመረጠው ሌላ ሰው ከ1909 ጀምሮ የእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ አለቃ የነበረው ማንስፊልድ ካሚንግ ነው። በአንድ ዓይነት ቀለም አንዱ ግጥም ይጽፋል፤ ሌላው የሰላይ ትእዛዝ ይፈርማል።

የወይን ጠጅ ትልቁ ታሪክ ግን በደራስያን ጠረጴዛ ላይ አይደለም፤ ማተሚያ ቤት በሌላቸው ሰዎች እጅ ነው። ሜቲል ቫዮሌት ኃይለኛ ስለ ሆነ አንዴ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ያትማል። በዚህ ላይ የተመሠረተው ሄክቶግራፍ የሚባለው ማባዣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በየቦታው ተሠራጨ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጄላቲንና ግሊሰሪን አቅልጦ በዝርግ ሳህን ላይ ማርጋት፤ በወፍራም ወይን ጠጅ ቀለም የተጻፈውን ወረቀት በፊቱ አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ መጫን፤ ቀለሙ ወደ ጄላቲኑ ሲገባ ወረቀቱን ማንሳት፤ ከዚያ ባዶ ወረቀት አንድ በአንድ እያስተኙ ማንሳት። ስሙ በግሪክ «መቶ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ መቶ የሚነበብ ቅጂ ማግኘት ግን ብርቅ ነበር፤ እያደር ይደበዝዛል። በዛር ዘመን የሩስያ አብዮተኞች ሕገ ወጥ ጽሑፋቸውን ያባዙት በዚህ ነው፤ የሌኒን አንድ ቀደምት ሥራ በ1894 ከእጅ ወደ እጅ የዞረው በሄክቶግራፍ ተባዝቶ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በጀርመን እስር ቤት የነበሩ የጦር ምርኮኞች ጄላቲን እየፈለጉ ለማምለጫ የሚሆን ካርታ አባዝተዋል። በእኛ አገር ለተማሪዎች ወረቀት ማባዣ ይበልጥ የሚታወቀው ጥቁሩ ስቴንስል ነው፤ ስቴንስል ግን መኪናና ሰም ወረቀት ይፈልጋል፤ ሄክቶግራፍ የሚፈልገው ሳህን ነው።

የሚያስገርመው ያው መልክ የከልካዩም መሆኑ ነው። የመሥሪያ ቤት ክብ ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ ወይን ጠጅ ነው። ምክንያቱ ያው ነው፤ ከግሊሰሪን ጋር ሲበጠበጥ በስፖንጁ ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ ጥቂቱም ብዙ ወረቀት ያትማል። የይለፍ ወረቀት ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ዘበኛው ጽሑፉን ሳያነብ የሚፈልገው ያችን ክብ እንደ ሆነ ያውቃል።

ሐኪም ቤትም ገብቷል። ጄንሺያን ቫዮሌት እየተባለ በሕፃናት አፍና በቁስል ላይ ሲቀባ ያየነው የዚሁ የሜቲል ቫዮሌት ቤተሰብ ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ግራም በ1884 ጀርሞችን ለይቶ ለማየት ተጠቀመበት፤ ጀርመናዊው ሽቲሊንግ በ1890 ጀርም እንደሚገድል ጻፈ። ኪኒን ሲፈለግ የተገኘ ነገር ዞሮ ከኪኒን አጠገብ ተቀመጠ። ዛሬ ግን ሐኪሞች ይጠነቀቁታል፤ ለረዥም ጊዜ ከተወሰደ ካንሰር ያመጣል የሚል ሥጋት ስላለ የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት በ2019 ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

አሁን ወደ ወረቀታችን እንምጣ፤ ይህን ቀለም የሚወድ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለና። ወይን ጠጅ ታማኝ አይደለም። ብርሃን ያጠፋዋል፤ ውኃ ያፈሰዋል፤ ላብ ያለበት ጣትም ይጎትተዋል። «እኔ በጥቁር ነው የምጽፈው» የሚልም አይኩራ። ብዙ የብልቃጥ ጥቁር ከልዩ ልዩ የሚሟሙ ቀለሞች የተቀላቀለ ነው። መፈተን ቀላል ነው፦ ቀለም በሚመጥ ወረቀት መካከል አንድ ጠብታ አኑሩ፤ ሲደርቅ በመካከሉ ውኃ ጠብ ጠብ አድርጉ። ውኃው ወደ ዳር ሲሄድ ቀለሙን ይዞ ይለያያል፤ ከጥቁሩ ውስጥ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አንዳንዴም ያ ወይን ጠጅ ወጥቶ ይታያል። እንዲህ ባለው ጠብታ የሚወጣውን ሥዕል ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ በ1850ዎቹ በመጽሐፍ አሳትሞታል፤ በ1834 አኒሊንን ከዝፍት ውስጥ ያገኘውም እርሱ ነው። ጠብታው ሳይለያይ ጥቁር ሆኖ በቦታው ከቀረ ጥላሸት ሊኖርበት ይችላል፤ እርሱን ለመቃ እንጂ ለፓርከር አትስጡት።

በወይን ጠጅ የተጻፈ ግጥም ያለው ሰው ደብተሩን ዘግቶ ከፀሐይና ከዝናብ ያርቀው፤ በድንኳን ግድግዳ ላይ አይለጥፈው። ሁለተኛውን ቅጂ ደግሞ በተራ እርሳስ ይገልብጠው። እርሳስ ግራፋይት ነው፤ ግራፋይትም እንደ ጸሐፊዎቻችን ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ላጲስ ካልነካው አይለቅም። ምራቅ ሲነካው ወይን ጠጅ የሚሆነው ኮፒ እርሳስ ግን ለዚህ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ያው ሜቲል ቫዮሌት ነው።