የጓሮው ባቡር

ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በሎስ አንጀለስ ቤቱ ጓሮ የዘረጋው ሐዲድ ርዝመቱ 800 ሜትር ገደማ ሲሆን ስፋቱ ስንዝር እንኳ አይሞላም ነበር። በከሰል የምትሄደውን፣ የእውነተኛውን አንድ ስምንተኛ የምታክለውን የእንፋሎት ባቡር በሚስቱ በሊሊያን ስም «ሊሊ ቤል» አላት። የሊሊያን አበባ እንዳይነካም ሐዲዱን ከሥሩ በዋሻ አሳለፈው፤ ሚስት ከማስቀየም መሬት መቆፈር ይቀላልና።

ወዳጆቹ ፉርጎዎቹን እንደ ፈረስ ኮርቻ ይቀመጡባቸው ነበር። ትልቁ ግብዣ ግን መሳፈር ሳይሆን ባቡሯን ራስ መንዳት ነው። በ1953 ዓ.ም. ጸደይ፣ እንደ አውሮፓውያኑ፣ አንድ እንግዳ ጥምዝምዙን በፍጥነት ገባበት፤ ባቡሯ ተገለበጠች፣ ፊሽካዋ ተሰበረ፣ የወጣው እንፋሎትም የአንዲትን የአምስት ዓመት ሕፃን እግር ለበለበ።

ዲዝኒ መስመሩን ዘጋው። ከሁለት ዓመት በኋላ በከፈተው ዲዝኒላንድ ዙሪያ ዳግመኛ ባቡር አስሮጠ፤ እንግዶቹ ግን ተሳፋሪዎች ነበሩ።