የግሪሳ ወፍ ወቅታዊ የአካል ለውጥና ፍልሰት በስምጥ ሸለቆ

ግሪሳ በመንጋ የሚኖር፣ ከ15 እስከ 20 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ የሣር ፍሬና እህል የሚበላ ትንሽ ወፍ ነው። ከሰሃራ በስተደቡብ ባሉ የአፍሪካ ቆላማ አካባቢዎች ይገኛል፤ በኢትዮጵያ ከዋና መኖሪያዎቹ አንዱ ስምጥ ሸለቆ ነው። ከአዳማ እስከ መቂና ባቱ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ግሪሳን የሚያውቀው በጥፋቱ ነው። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር በማሳው መሃል ማማ ይቆማል፤ ልጆች ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ከንጋት እስከ ምሽት ይጠብቃሉ። መንጋው አንድ ሰሞን ሰማዩን ያጨልማል፤ ከዚያ ደብዛው ይጠፋል። መምጣቱንም መሄዱንም የሚወስነው ዝናብ፣ ዝናቡም በወፉ ሰውነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው።

በአውሮፓ ለሚኖር ወፍ የወቅቱን መለወጥ የሚነግረው የቀኑ መርዘምና ማጠር ነው። አዳማ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለግሪሳ ዋናው የወቅት ምልክት ዝናቡ ነው።

ዝናብ ሲጥል ለግሪሳ ጥጋብ የሚሆን ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በበጋ መሬት ላይ ረግፎ የቆየው የሣር ፍሬ እርጥበት ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ይበቅላል፤ አዲሱ ፍሬ እስኪደርስ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ወፉ ያለው ዘር ሳያልቅ እየተሻማ ይበላል፤ ከመሬት የሚወጣውን ምስጥም ይለቅማል፤ ስብም ያጠራቅማል። በዚህ ጊዜ የተያዘ ግሪሳ የደረቱ ላባ በትንፋሽ ሲገለጥ፣ ከአንገቱ ሥር ባለው ጎድጓዳ ቦታ ቢጫው ስብ በስስ ቆዳው ውስጥ ይታያል። ስብ ከስታርችም ከፕሮቲንም በግራም ከእጥፍ በላይ ጉልበት ይሰጣል፤ ውኃ ስለማይዝ ለበረራ አይከብድም፤ ሲቃጠል ደግሞ ራሱ ውኃ ያስገኛል። ግሪሳው በዚህ ስንቅ የዝናቡን ግንባር አልፎ፣ ቀደም ብሎ ወደ ዘነበበትና አዲስ ፍሬ ወደደረሰበት አገር ይበራል።

እዚያ ሲደርስ ሌላ ለውጥ ይጀምራል። በሌላ ጊዜ ቀይ የሆነው የሴቷ መንቁር ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ የወንዱ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ጭንብል ይለብሳል። ሁለቱም የሆርሞን ሥራ ናቸው። ፒተር ጆንስና ፒተር ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሴቷ እንቁላል የምትጥልበትን ጊዜ የሚወስነው በደረት ጡንቻዋ ውስጥ የተጠራቀመው ፕሮቲን ነው። ነፍሳትን እየበላች ጡንቻዋን ታደልባለች፤ እንቁላሎቹን ስትጥል ያንኑ ታወጣለች። ወንዱ ከለምለም ሣር ጎጆ ይጎነጉናል፤ በአንድ የግራር ጫካ ጎጆዎቹ በሺዎች ይሰቀላሉ። ከጎጆ ሥራ እስከ ጫጩቶቹ ራሳቸውን መቻል ስድስት ሳምንት ያህል ይበቃል። እንዲህ ያለ ፍጥነት አንዱ ወፍ በአንድ ዓመት ከአንድ ቦታ በላይ እንዲራባ ያስችለዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ አንድ ቦታ ጫጩት የፈለፈሉ ግሪሳዎች ዝናቡን ተከትለው በመጓዝ በዚያው ዓመት በሌላ ቦታ ዳግም ለመራባታቸው ማስረጃ አቅርቧል።

በመስቀል ሰሞን ብቅ ይላል ለሚባለው ለመስቀል ወፍ የሚታጩት የግሪሳ ዘመዶች ግን ሩቅ አይሄዱም። ወንዶቹ በበጋ እንደ ሴቶቹ ቡናማ ሆነው ሳይለዩ ይከርማሉ፤ በክረምት ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ይለብሳሉ። ሰው «ብቅ አሉ» የሚላቸው ላባ ስለለወጡ ነው። በሌላ በኩል ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው በባቱና በቆቃ ሐይቆች ዳርቻ የሚከርሙት ወፎች መመለሻቸውን የሚያውቁት በከፊል በውስጣዊ ሰዓት ነው። ጀርመናዊው ኤበርሃርድ ግቪነር አፍሪካ የሚከርሙ ትናንሽ ወፎችን ቀንና ሌሊቱ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ አቆይቶ፣ ላባ መለወጣቸውና የፍልሰት መቁነጥነጣቸው በየወቅቱ እንደሚመለስ አሳይቷል።

ግሪሳን ለመከላከል በማደሪያው ላይ ፌንቲዮን የተባለ መርዝ በአውሮፕላን ይረጫል። መርዙ የሞተውን ግሪሳ የሚበሉ ጭልፊቶችንና ንስሮችንም ይገድላል። ግሪሳ ከእህል ይልቅ የዱር ሣር ፍሬ ይመርጣል፤ ማሽላው ላይ በብዛት የሚወርደው ያ ሲያጥረው ነው። ስለዚህ ዝናቡ የት መቼ እንደጣለ መከታተልና ቶሎ የሚደርስ ዘር መዝራት ከርጭት አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።