የገዳይ ሚዛን፦ በመተማና በቋራ ቆላ የጀግንነት ቆጠራና የፍትሐዊነቱ ጥያቄ



የዛሬውን ንግግር ርእስ የሰጠኝ አንድ ተማሪ ነው። ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ የአደን ታሪክ ሳስተምር፣ «ይህማ የቪዲዮ ጌም ነጥብ ነው» አለና ክፍሉን አሳቀው። ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ኤክስቦክስ የተባለው መጫወቻ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጫዋቹ ለፈጸመው ገድል ነጥብ ይቆጥርለታል፤ ፕሌይስቴሽን ደግሞ ከ2008 ጀምሮ የነሐስ፣ የብር፣ የወርቅና የፕላቲነም ዋንጫ ያድላል። ወጣቶቹን የሚያከራክራቸው በአንዱ መሣሪያ የተገኘ ነጥብ በሌላው ከተገኘ ዋንጫ ጋር በምን ይመዘናል የሚለው ነው። ጥያቄው ለቆላችን አዲስ አይደለም።

በቀድሞው ሥርዓት «ገዳይ» መባል ማዕረግ ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽና አውራሪስ እኩል አይቆጠሩም፤ ዝሆን የጣለ ሰው ብዙ ጠላት እንደገደለ ይታሰብለት ነበር። ልኩ ከአገር አገር ቢለያይም አሳቡ አንድ ነው፤ የተለያየ ገድል በአንድ ሚዛን እንዲለካ። ነጥቡም በፉከራ ይነገራል፣ በአንበሳ ጎፈር ይታያል፣ በሹመት ይመነዘራል። ስለዚህ ያለአግባብ የተቆጠረ ገድል የሌላውን ሰው እንጀራ ይነካ ነበር።

የአደኑ መሣሪያ ግን አንድ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1772 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከጎንደር ወደ ራስ ኤልፊልና ወደ ስናር ሲወርድ፣ ከወይዘሮ አስቴር ልጅ ከክንፉ ጋር የዝሆን አደን አይቷል። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ይቀመጣሉ፤ ፊተኛው ዝሆኑን እያስቆጣ ይጋልባል፣ ኋለኛው ወርዶ የዝሆኑን ቋንጃ በሰይፍ ይቆርጣል። ከዘጠና ዓመት በኋላ በመተማ ያለፈው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርም ከመተማ በስተሰሜን በሰቲት ወንዝ ዳር የሐምራን ዐረቦች በቡድን ሆነው በሰይፍ ሲያድኑ አይቷል፤ እርሱ ራሱ ባለጠመንጃ ሲሆን የእነርሱን ድፍረት አድንቆ ጽፏል። ታዲያ ገዳዩ ማን ነው? ሞትን ፊት ለፊት የሳበው ጋላቢ ነው ወይስ ቋንጃ የቆረጠው? በሰይፍ የወደቀ ዝሆንና ከሩቅ በጥይት የተመታ ዝሆን እኩል ይቆጠራሉን?

ልማዱ ለዚህ መልስ አበጅቶ ነበር። የመጀመሪያው መልስ ማስረጃ ነው፤ ጅራት ወይም ጎፈር ያላቀረበ አይቆጠርለትም። ሁለተኛው ብዙዎች የወጉትን አውሬ አስቀድሞ ላደማው መስጠት ነው። ሰው ሁሉ ጦር ይዞ ሲያድን ይህ ሕግ አስተዋይነት ነበረው፤ አስቀድሞ የሚያደማ አስቀድሞ የሚቀርብ ነውና። ጠመንጃ ሲበዛ ግን ሕጉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። ከሩቅ የተኮሰ፣ ጥይቱ ቆዳ ብቻ ቢጭር እንኳ፣ ቀርቦ የጨረሰውን ሊቀድም ቻለ። መሣሪያው ለጌታው እንጂ ለሎሌው አልነበረም፤ ስለዚህ ድፍረትን እንዲለካ የተሠራው ሚዛን ሀብትን መለካት ጀመረ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ ቁጥር የሚነጻጸረው ገድሉ በምን ሁኔታ እንደተፈጸመ አብሮ ሲመዘገብ ብቻ መሆኑን ነው። ጅራቱ ዝሆኑ መሞቱን ይናገራል፤ በምን እንደሞተ ግን አይናገርም።

እስከዚህ የተናገርሁት ሚዛኑን ማስተካከል ይቻላል ብሎ ለሚያምን ሰው ነው። ነገር ግን ሊስተካከል የማይችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱን ዘልዬ ባልፍ የታሪክ መምህርነቴን አጎድላለሁ። በዚህ ሚዛን ሰውም ተቆጥሯል። የጎንደር ነገሥታት በቆላው ሕዝቦች ላይ ይዘምቱ ነበር። ብሩስም ዛሬ ጉሙዝ የምንላቸውን ጨምሮ በንቀት ስም ይጠሩ የነበሩት ሕዝቦች በየዓመቱ እንደ አውሬ ይታደኑ እንደነበር፣ ወንዶቹ ተገድለው ልጆቻቸው ለባርነት እንደሚወሰዱ ጽፏል። ዝሆን በሰው ቁጥር ሲተመን ዝሆኑ ከፍ ያለ ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን የታደነው ሰው ከአውሬ ተራ ገብቷል። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ «ትክክል ተቆጠረን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ይህ መቆጠር ነበረበትን?» የሚለው ይቀድማል። ፉከራው የገዳዩን ስም አቆየልን፤ የታደኑትን ስም ግን አላቆየም።

በቋራ ወረዳ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር በሚዋሰነው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አንበሶች መኖራቸውን በካሜራ ወጥመድና በዱካ አረጋገጡ። ዛሬም ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማስረጃው ግን አንበሳው በሕይወት ሳለ የተነሣ ምስል ነው። አባቶቻችን የሞተውን ቆጠሩ፣ እኛ ያለውን እንቆጥራለን።

ለተማሪዬ መልሴ ይህ ነው፦ ሁለት ነጥቦችን ከማነጻጸርህ በፊት እያንዳንዱ በምን መሣሪያ እንደተገኘ ጠይቅ። ከዚያም በፊት፣ ነጥቡ የተሰጠው ለምን እንደሆነና ማን እንደከፈለበት ጠይቅ። ለጨዋታ ነጥብ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ለዚህ ቆላ ታሪክ ግን ገና አልተመለሰም።