የሶፍትዌርና የድረ ገጽ ጥራት ፍተሻ፦ ስህተትን ከደንበኛው ቀድሞ ማግኘት

ባንኮች፣ የንግድ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት መስጠት ከጀመሩ ወዲህ፣ የአሠራር ስህተት ጉዳት በመስኮት ፊት በቆመ አንድ ባለጉዳይ ላይ ብቻ የሚወሰን አልሆነም። በፕሮግራም ውስጥ የተፈጠረ ጥቂት ግድፈት በደቂቃዎች ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞችን ሊያዳርስ ይችላል። ይህን ለመከላከል የተቋቋመው የሙያ ዘርፍ የሶፍትዌር ጥራት ማረጋገጫ በመባል ይታወቃል።

ጥራት ማረጋገጥና ፍተሻ አንድ አይደሉም። ጥራት ማረጋገጥ ከውል ዝግጅት ጀምሮ ሥራው የሚመራበትን ሥርዓት የሚመለከት ሲሆን፣ ፍተሻ ደግሞ የተሠራው ሶፍትዌር የተባለውን ተግባር በትክክል ማከናወኑን በሙከራ የሚያሳይ ነው። ፍተሻው በአራት ደረጃዎች ይካሄዳል። በቅድሚያ እያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል ለብቻው ይፈተሻል፤ ቀጥሎ ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚገናኙበት አሠራር ይታያል፤ ከዚያም ሙሉው ሥርዓት ይሞከራል፤ በመጨረሻም አሠሪው ድርጅት በራሱ ሠራተኞች አማካይነት ሞክሮ ይረከባል።

የንግድ ድርጅት ድረ ገጽ ሲፈተሽ በርካታ ጥያቄዎች ይነሳሉ። ደንበኛው የክፍያ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ቢጫን ሂሳቡ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል ወይ? ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢገቡ ሰርቨሩ ይሸከማል ወይ? በዝቅተኛ ዋጋ ሞባይልና በደካማ የኢንተርኔት መስመር ይከፈታል ወይ? ያልተፈቀደለት ሰው የሌላውን መረጃ ማየት ይችላል ወይ?

በአማርኛ ለሚሠሩ ድረ ገጾች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። “ሀይሉ”፣ “ሐይሉ” እና “ኃይሉ” ተብሎ የሚጻፈውን ስም ኮምፒዩተር እንደ ሦስት የተለያዩ ስሞች ስለሚቆጥረው፣ ደንበኛው በመዝገብ ላይ እያለ “አልተገኘም” ሊባል ይችላል። በ12 ወራት ብቻ የተዘጋጀ ቅጽም በጳጉሜን የተወለደን ሰው አይቀበልም።

ፍተሻን ማሳነስ የሚያስከትለውን ጉዳት ከሚያሳዩ አጋጣሚዎች አንዱ በአሜሪካ የደረሰው ነው። የአገሪቱ መንግሥት የጤና መድን መግዣ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሲከፈት የተጠቃሚውን ብዛት መሸከም ባለመቻሉ፣ በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው የጨረሱት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሥራውን ያከናወኑት ኩባንያዎች ሙሉው ሥርዓት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተፈተሸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ መሆኑን ለአገሪቱ ምክር ቤት አስረድተዋል።

ናይት ካፒታል በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት የደረሰው ጉዳት ደግሞ የፕሮግራም ለውጥ የሚያስከትለውን አደጋ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲሱ ፕሮግራም ከስምንት ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ብቻ ተጭኖ ሥራ ተጀመረ። በስምንተኛው ላይ የቀረው አሮጌ ፕሮግራም ያልታሰበ የግዢና የሽያጭ ትዕዛዝ በማስተላለፉ፣ ድርጅቱ በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል።

በአገራችንም መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊትና በማግስቱ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በመታወኩ፣ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ ከሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን የገለጸ ሲሆን፣ ያለአግባብ የተወሰደው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑንም አስታውቋል። ከወሰዱት መካከል በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩበት፣ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘቡ እንዲመለስ ጥሪ አቅርበዋል። ባንኩ በኋላ አብዛኛውን ገንዘብ ማስመለሱን ገልጿል።

ከእነዚህ አጋጣሚዎች የሚገኘው ትምህርት ፍተሻ አገልግሎት ሲከፈት አንድ ጊዜ ተከናውኖ የሚቀር ሥራ አለመሆኑ ነው። ትናንት በትክክል ይሠራ የነበረ ሥርዓት ዛሬ በተደረገ ጥቂት ማሻሻያ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ነባሩ አገልግሎት እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል። ለውጡ ችግር ቢፈጥር ወደ ቀድሞው አሠራር በፍጥነት የሚመለሱበት ዘዴ አስቀድሞ መዘጋጀትና በተግባር መሞከር አለበት።

ድረ ገጽ ወይም ሶፍትዌር የሚያሠሩ ድርጅቶችም የርክክብ መስፈርቱን በውሉ ላይ በዝርዝር ማስፈር፣ ፍተሻውን ከሠሪው ውጪ ለሆነ ባለሙያ መስጠት፣ ለሥራውም በቂ ጊዜና በጀት መመደብ ይጠበቅባቸዋል። ፍተሻ ስህተት መኖሩን እንጂ ፈጽሞ አለመኖሩን ማረጋገጥ አይችልም። ሆኖም ሳይፈተሽ የቀረውን ስህተት የሚያገኘው ደንበኛው በመሆኑ፣ የሚያስከፍለው ዋጋ በዚያን ጊዜ እጅግ ከፍ ያለ ይሆናል።