መዝገቡ ሲጠፋ የሚቀጣው ማነው?

በኦክላንድ ቴሜስካል ሰፈር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ቡና ይዘን ስንጨዋወት፣ አንድ አባት የወላጆቻቸውን ቤት ጉዳይ ለማስጨረስ አገር ቤት ሄደው የገጠማቸውን አጫወቱን። ክሱ ተከፍቷል፣ ቀጠሮው ደርሷል፤ መዝገቡ ግን የለም። "ዛሬ ሄደው ነገ ይመለሱ" ሲባሉ የሥራ ፈቃዳቸው አለቀ። "ታዲያ ማንን ቀጡ?" ብንላቸው ፈገግ ብለው "እኔን!" አሉን።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህች መልስ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለ።

አበው "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ቢሉም፣ የጥንቱ ችሎታችን በአብዛኛው የአፍ ችሎት ነበር። "በላ ልበልሃ" ተብሎ ይሟገታል፣ ዋስ ይጠራል፤ መዝገቡ የሸንጎው ትዝታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 14 ቀን 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፍርዱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ ጽሕፈቱን ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሰጡ። ጸሐፊነት ከታላላቆቹ ማዕረጎች አንዱ ነበር ማለት ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የክሱን አቀባበልና ምዝገባ ለሬጅስትራሩ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የባለጉዳይ መብት ዳኛው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በመዝገብ ቤት በኩል ያልፋል።

መዝገብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅ የደርግን ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ማስታወስ ይበቃል። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ ላይ የደረሰው ያ ክርክር ከተደገፈባቸው ማስረጃዎች ዋነኛው ሥርዓቱ ራሱ ፈርሞና ማኅተም መትቶ ያስቀመጠው ወረቀት ነበር። ገዳይ እንኳ መዝገብ ጠብቆ ሳለ፣ የፍትሕ ቤት መዝገብ መጥፋቱ አያሳፍርም?

ሕጉማ ቅጣት አላጣም። በዚያው በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ስድስት ቅጣቶችን ይደረድር ነበር፦ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እስከ አንድ ወር ደመወዝ፣ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ ከሥራ ማሰናበት። ይሁን እንጂ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ እንደማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሲቪል ሰርቪሱ ሕግ ሥር ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ የሚያስችል ሥልጣን ያገኙት በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1234 ነው። ዳኛው መዝገቡን ይፈልጋል፤ የመዝገቡ ጠባቂ ግን በሌላ ቤት ሕግ ይተዳደር ነበር።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ ነው የሚል ካለ እዚሁ ደጃችን ይመልከት። የአላሜዳ ካውንቲ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 "ኦዲሲ" ወደሚባል አዲስ የኮምፒውተር መዝገብ ሲዞር ጸሐፊዎቹ ሥራው ተቆለለባቸው። የተሰረዘ የእስር ትእዛዝ ሳይሰረዝ እየቆየ ሰዎች ያለአግባብ ተያዙ፤ መፈታት የነበረባቸውም በእስር ቆዩ። የካውንቲው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ብሬንደን ዉድስ መዝገቡ ትክክለኛና ወቅታዊ እንዲሆን ፍርድ ቤቱን በአቤቱታ ሞገቱ። እዚያ አንዱን ጸሐፊ ደመወዙን ቢቀጡት ምን ይፈይድ ነበር?

ስለዚህ ሁለቱን ጥፋት እንለይ። ጉቦ ተቀብሎ መዝገብ የሚሸሽግ ወንጀለኛ ነው፤ ከሥራ መሰናበቱ ብቻ አይበቃውም። ሥራ ተቆልሎበት ያልደረሰለትን ከመቅጣት በፊት ግን የቆለለበትን አለቃ መጠየቅ ይገባል። ለሁለቱም ቁልፉ አንድ ነው፦ መዝገቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የተቀባዩ ፊርማ ይኑር። ፊርማ ከሌለ ጥፋተኛው አይታወቅም፤ ወይ ማንም አይቀጣም፣ ወይ ደካማው ይቀጣል።

ያኔ ደግሞ ቅጣቱ እንደ እኒያ አባት በባለጉዳዩ ላይ ይወድቃል።

ቸር ይግጠመን።