በእንቅልፍ ልብ፦ የሌሊት ተረኛ ሸለብታ አጭር ታሪክ

ጊዜው ነሐሴ 1861 መጨረሻ ነው (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። አሜሪካኖች እርስ በርስ እየተጫረሱ ነው። ዊሊያም ስኮት የሚባል የቬርሞንት ወጣት ወታደር ዋሽንግተን አቅራቢያ ሌሊት ጥበቃ ላይ ሳለ እንቅልፍ ጥሎት ተገኘ። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት የታመመ ጓደኛውን ተክቶ ቆሞ ማደሩ ይነገራል። ማን ይሰማዋል? በጥይት እንዲገደል ተፈረደበት። ደግነቱ ፕሬዚዳንት ሊንከን ምሕረት አደረጉለት፤ በዓመቱ ሚያዝያ ላይ ግን ጦር ሜዳ ወደቀ።

ይሄ ጭካኔ የአሜሪካኖች ፈጠራ አይደለም። የጥንት ሮማውያን ጥበቃ ላይ የተኛን ወታደር በገዛ ጓደኞቹ በዱላና በድንጋይ ያስወግሩት እንደነበር ፖሊቢዮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ነግሮናል። እንግዲህ የተረኛ እንቅልፍ ለብዙ ዘመን የዲሲፕሊን ጉዳይ ብቻ ነበር። ተኛህ? ጥፋተኛ ነህ። አለቀ።

ከዚያ ኤሌክትሪክ መጣ። ቶማስ ኤዲሰን በ1882 ኒውዮርክ ፐርል ጎዳና ላይ ማመንጫውን ሲከፍት ሌሊትን ለሥራ የሚያመች ዘመን ተጀመረ። ኤዲሰን እንቅልፍን እንደ ጊዜ ማባከን ነበር የሚያየው። የሚገርመው ግን ቤተ ሙከራው ውስጥ ባለው ቤተ መጻሕፍት አልጋ ነበረችው፤ ቀን ቀን ሸለብ የማድረግ ልማዱም የታወቀ ነው። አያችሁ? አለቃ ሲያሸልብ “እያሰበ ነው” ይባላል፤ ሠራተኛ ሲያሸልብ ስንፍና ነው።

ልብ ወደዚህ ታሪክ የገባው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1969 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የሰውን የደም ግፊት በቀጥታ ከደም ቧንቧው ውስጥ፣ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ መዝግበው አሳተሙ። ሰውየው ሲተኛ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። ዛሬ ሐኪሞች ጤናማ የሚሉት ሌሊት ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ሲል ነው። የልብና የደም ሥር ዕረፍት ይህቺ ናት። ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ሰው ታዲያ ይህቺን ዝቅታ በሰዓቷ አያገኛትም። ቀን ልተኛ ቢልም የሰውነቱ ሰዓትና የሰፈሩ ጫጫታ በደንብ አያስተኙትም።

ውጤቱ ምንድነው? በ1986 ስዊድናውያኑ ክኑትሶንና ባልደረቦቹ 504 የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኞችን ለ15 ዓመት ተከታትለው ያገኙትን ላንሴት መጽሔት ላይ አወጡ። በፈረቃ ከ16 እስከ 20 ዓመት የሠሩት፣ ቀን ብቻ ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው 2.8 እጥፍ ነበር። በ1995 ደግሞ ተራው የአሜሪካ ነርሶች ሆነ። ከ79 ሺህ በላይ ሴቶችን ለ4 ዓመት የተከታተለው ጥናት፣ 6 ዓመትና ከዚያ በላይ በተዘዋዋሪ የሌሊት ፈረቃ የሠሩት አደጋቸው በ51 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው። በ2012 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣውና 34 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየው ሥራ ቁጥሩን ረገብ አደረገው፤ የልብ ድካም አደጋ በ23 በመቶ ይጨምራል አለ። በሞት መጠን ላይ ግን ልዩነት አላየም። በእያንዳንዱ ሰው ላይ ሲታይ ትንሽ ጭማሪ ይመስላል፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ተረኞች ላይ ሲባዛ ግን ትንሽ አይደለም።

“ታዲያ ሸለብ ቢያደርጉስ?” ትሉ ይሆናል። ለንቃት ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው። ናሳ በ1994 ባሳተመው ጥናት ረጅም በረራ ላይ ያሉ አብራሪዎች በየተራ 40 ደቂቃ እንዲያርፉ ፈቀደ። በአማካይ 26 ደቂቃ ተኙ፤ ከማያርፉት በእጅጉ ነቅተውም ተገኙ። ለልብ ከሆነ ግን ረጋ እንበል። በ2007 የወጣ የግሪክ ጥናት፣ በሳምንት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቀን የሚተኙ ሰዎች በልብ ሕመም የመሞት አደጋቸው በ37 በመቶ ያነሰ ነው ብሏል። ያ ግን የቀን እንቅልፍ ነው። ረዥም የቀን እንቅልፍ ከልብ ሕመም ጋር አብሮ የታየባቸው ጥናቶችም አሉ። የሌሊት ሸለብታ ለልብ መድኃኒት ነው ብሎ መማል አይቻልም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥናት በ1988 የወጣው ነው። ሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች፣ ሞተሩ ችግር ሲገጥመው በደወል የሚቀሰቀሱ የመርከብ መሐንዲሶችን እንቅልፍ በመሣሪያ ለኩ። በተረኝነት ሌሊት ጥልቁ እንቅልፍ ቀንሷል፤ የልብ ምታቸውም ጨምሯል። ከለውጡ ከፊሉ ደግሞ የታየው ገና ደወሉ ሳይጮህ ነው! ሰውየው ተኝቷል፤ ልቡ ግን ደወሉን እየጠበቀ ነው።

ሕግ ይህንን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ጃፓን ከ1972 ጀምሮ ሌሊት ማሸለብ ያለባቸው ሠራተኞች ካሉ አሠሪው የወንድና የሴት መኝታ ለይቶ እንዲያዘጋጅ ታዛለች። ጥያቄው የመጣው ከክፍያው ነው። የሕንፃ ጥገናና ጥበቃ ሠራተኞች በ24 ሰዓት ተረኝነታቸው ውስጥ የመኝታ ሰዓት አላቸው፤ ነገር ግን ስልክ ወይም ማስጠንቀቂያ ሲጮህ የመነሣት ግዴታ አለባቸው። ኩባንያው “ተኝታችሁ ነው ያደራችሁት” አለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ። በየካቲት 2002 ፍርድ ቤቱ ከሥራ ግዴታ ነፃ ያልወጣ ሰው ቢተኛም ሥራ ላይ ነው ብሎ ወሰነ። ልብ በሉ፣ ዳኞቹ በሕግ መንገድ የደረሱበት ቦታ የመርከበኞቹ ልብ ከ14 ዓመት በፊት ከተናገረው ጋር ይገጥማል። ጆሮን ቀስሮ መተኛት ዕረፍት አይደለም።

ወደ እኛው ሌሊት እንምጣ። ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ የሚያንጎላጅ ዘበኛ አለን። ዲውቲ ላይ ሁለት ወንበር ገጥማ ጋደም የምትል ነርስ አለችን። የ2011 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ የመደበኛው ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ እንዲከፈል ያዛል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብር የደም ግፊት አያወርድም።

በአማርኛ “በእንቅልፍ ልቡ” የምንለው ገና ሳይነቃ የሚናገርን፣ የሚራመድን ሰው ነው። ከጥልቅ እንቅልፍ ድንገት የተቀሰቀሰ ሰው ለተወሰኑ ደቂቃዎች እንዲህ ነው። ነርሷ በእንቅልፍ ልቧ መድኃኒት እንድትለካልን አንፈልግም። ስለዚህ ሸለብታው በድብቅ የሚሰረቅ ሳይሆን ሰዓትና ቦታ የተመደበለት፣ ከነቁ በኋላም ዓይን መግለጫ ጊዜ ያለው መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተኪ ይፈልጋል። የናሳዎቹ አብራሪዎች ያለ ሐሳብ የተኙት አውሮፕላኑን ሌላ ሰው ይዞላቸው ስለነበር ነው።

ስለዚህ ተረኛ ተኝቶ ስታገኙ “ለምን ተኛህ?” ከማለታችሁ በፊት “ማን ተካህ?” በሉት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ “ማንም” ነው። ጥፋቱን መፈለግ ያለብን እዚያ ጋ ነው።