የመኝታ ቤት አየር ማርጠቢያ

አየር ማርጠቢያ (ሂውሚዲፋየርም ይባላል) ውሃን ወደ ተን ወይም ወደ ደቃቅ ጉም ለውጦ የደረቀ ክፍልን የሚያረጥብ መሣሪያ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ቆቦ፣ እንደ ራያ ቆላ ሁሉ፣ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በበጋ ግን የሌሊቱ አየር ጉሮሮ ያደርቃል፣ ከንፈር ይሰነጥቃል።

በድምፅ ሞገድ ጉም የሚረጨው ዓይነት ጸጥ ያለ ነው፤ ሆኖም የጉድጓድ ውሃው ማዕድን ከበዛበት፣ ጠዋት ቁም ሣጥኑ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ብናኝ ተኝቶ ይገኛል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ማዕድኑን ጨርሶ አያስወግድም። ለቆላ የሚሻለው ማራገቢያው በእርጥብ ማጣሪያ ውስጥ አየር የሚያሳልፈው ነው፤ እያረጠበ ያቀዘቅዛል። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ባዶ ዕቃ ናቸው፤ ያኔ ተነክሮ የተጨመቀ ነጠላ መስኮት ላይ ቢሰቀል ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ያውም ያለ ወጪ።

የክፍሉ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ይበቃል፤ በጣም ከበዛ ሻጋታ ይከተላል። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፣ ማጠራቀሚያው በየሦስት ቀኑ ይታጠብ። አካባቢው ወባማ ነውና ክዳን የሌለው ውሃ አልጋ ሥር አይደር።